ዌብሳይቱ አርጅቷል ወይስ ተሳስቷል? የአንድ የምክር ማዕከል ጉዳይ

ይህ ጉዳይ ለምን ተጻፈ

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች «ዌብሳይታችን መታደስ አለበት?» ብለው ሲጠይቁ፣ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከመልክ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል። ፎቶው ሰልችቷል። ጎረቤት ያለው ማዕከል አዲስ አሠርቷል። ይህኛው ጉዳይም የጀመረው እንደዚያው ነበር። ውስጡ ሲታይ ግን መልኩ ከችግሮቹ ሁሉ ትንሹ ሆኖ ተገኘ። መመዝገብ ያለበት የመሰለኝም ለዚህ ነው።

የማዕከሉንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። ማንነታቸውን ሊጠቁሙ የሚችሉ ጥቃቅን ነገሮችን ቀይሬያለሁ። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ማዕከሉ ያለው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የሚዋሰን፣ ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት ሰፈር ነው። ማዕከሉን የመሠረቱት ወይዘሮ ፈቃድ ያላቸው ክሊኒካል ሶሻል ወርከር፣ ማለትም የምክር ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያ ናቸው። የጀመሩት ብቻቸውን፣ በአንድ የተከራዩት ክፍል ነው። ዌብሳይቱንም ያኔ፣ በ2013፣ ኮምፒውተር የሚችል የዘመድ ልጅ በነጻ ሠራላቸው። ለጊዜው በቂ ነበር። ስማቸው፣ ስልካቸው፣ አድራሻቸው፣ ከዚያ እርስ በርሱ የተቆለለ የባሕር ዳርቻ ድንጋይ ፎቶ። (ይህ ድንጋይ ያልተቆለለበት የቴራፒ ዌብሳይት ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።)

ከዚያ ወዲህ ማዕከሉ ሌላ ሆነ። ተጨማሪ ቴራፒስቶች ገቡ፤ አንዳንዶቹም ወጡ። ባለትዳሮችንና ታዳጊዎችን ማየት ተጀመረ። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ሥራው በሙሉ ወደ ቪዲዮ ዞረ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ብዙ ደንበኞች በቪዲዮ መቀጠል መረጡ። ቢሮውም ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛወረ። ዌብሳይቱ ግን አድራሻው ብቻ ተቀይሮለት እዚያው 2013 ላይ ቆመ።

መሥራቿ ሲያማክሩኝ በእጃቸው የሌላ ማዕከል ገጽ ይዘው ነበር። ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ የሚያሳይ ቪዲዮ አለበት። «ልጄ፣ እንደዚህ ዓይነት ነው የምፈልገው» አሉኝ። «ሰው ሲገባበት ነፍሱ እንድታርፍ።»

ምኞቱ መጥፎ አይደለም። ግን ነፍሱ የምታርፈው ሰው መጀመሪያ ቀጠሮ መያዝ አለበት።

ችግሩን ፍለጋ

ምንም ነገር ሳይነካ አንድ ደብተር ተገዛ። ስልክ የምታነሳው ልጅ አዲስ ደዋይ ምን እንደጠየቀ ለጥቂት ሳምንታት እንድትጽፍ ተስማማን። ስም አይጻፍም። የደዋዩ ችግርም አይጻፍም። ጥያቄው ብቻ።

ደብተሩ ከማንኛውም የጎብኚ መቁጠሪያ ሶፍትዌር የበለጠ ተናገረ። «ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ) ትቀበላላችሁ?» «አማርኛ የሚናገር አለ?» «በቪዲዮ ይቻላል?» «እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ይሆናል?» «ፎርም ሞልቼ ነበር፤ ደርሷችኋል?» ከሥራ ከለቀቀች የቆየች ቴራፒስት በስሟ የሚጠይቁም ነበሩ። ፎቶዋ አሁንም ገጹ ላይ ነበር። የኢንሹራንስ ዝርዝሩ ደግሞ ማዕከሉ ውሉን ያቋረጠውን ድርጅት ይጠቅስ ነበር። ሰው ያንን አይቶ ይደውላል፣ «አይ፣ አሁን አንቀበልም» ይባላል፣ ይዘጋል። ለመደወል ስንት ቀን አቅማምቶ እንደነበር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ በተለያየ አነጋገር ተደጋግሞ መጣ። «እዚያ የሚሠራ የማውቀው ሰው ይኖር ይሆን?» «መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ?» «ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ ከሆነስ?» ይህን ማንም አልጠበቀውም ነበር። ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ግን አልገረማትም። «እኔ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች።

ደብተሩ አንድ ጉድለት ነበረው። የሚያሳየው የደወሉትን ነው። ሳይደውሉ የተመለሱትን ለማየት፣ ማዕከሉን የማያውቁ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን ይዘው እንዲቀመጡ ተደረገ። አንዷ የኮሌጅ ተማሪ ናት። ሌላው በሃምሳዎቹ ያሉ የኡበር ሹፌር። የተሰጣቸው ሥራ አንድ ነው፤ ለአንድ ዘመድ ቀጠሮ ያዙ።

ልጅቷ ገጹን ከፈተችና በሁለት ጣት ማስፋት ጀመረች። ፊደሉ ለኮምፒውተር ስክሪን የተሠራ ስለሆነ በስልክ አይነበብም። ማውጫው የሚከፈተው የማውስ ቀስት ሲያርፍበት ነው፤ ስልክ ላይ ደግሞ ማውስ የለም። ፎርሙ ጋ ስትደርስ ከላይ «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» የሚል ጽሑፍ አየች። «እዚህ ላይ የግሌን ነገር አልጽፍም» ብላ ዘጋችው። ሹፌሩ በበኩላቸው የአማርኛውን ገጽ አገኙ። ስልክ ቁጥሩን ሊደውሉበት ነኩት፤ ምንም አልሆነም። ደጋግመው ነኩት። የአማርኛው ገጽ ጽሑፍ ሳይሆን ፎቶ ነበር።

ከገጹ ሥር የነበረው

የአማርኛው ነገር ታሪክ አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። እስከ 2013 ድረስ ግን በአንዳንድ ስልኮች ላይ ሳጥን ሳጥን ብቻ ይታይ ነበር። የዘመድ ልጅ ዎርድ ላይ ጽፎ እንደ ፎቶ የለጠፈው ለዚህ ነው። በጊዜው ብልሃት ነበር። አሁን ግን ጉዳት ሆኗል። ጉግል ላይ በአማርኛ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ፊደሉን ማሳደግ አይቻልም። ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሶፍትዌርም ያልፈዋል። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት እዚህ አካባቢ ያለ ሐበሻ የመንግሥት ወረቀት በአማርኛ ማግኘት ለምዷል። ከአንድ የሐበሻ ማዕከል ያነሰ አይጠብቅም።

«ደህንነቱ ያልተጠበቀ» የሚለው ማስጠንቀቂያ የመጣው ገጹ የሚጻፍበትን መረጃ ለማመስጠር የሚያስፈልገው የምስክር ወረቀት የሚባለው ዲጂታል ፋይል ስላልነበረው ነው። ክሮም ከጁላይ 2018 ጀምሮ እንደዚህ ዓይነት ገጾችን ሁሉ በዚህ ምልክት ያሳያል። የምስክር ወረቀቱ በነጻ ይገኛል። ማንም አላሰበበትም እንጂ ውድ ነገር አልነበረም።

ፎርሙ ከዚያ ይከፋል። «ችግርዎን በዝርዝር ይግለጹ» የሚል ሰፊ ሳጥን አለው። ሰዎችም ይገልጻሉ። ትዳራቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ የልጃቸውን ነገር። የተጻፈው ሁሉ ተራ ኢሜይል ሆኖ ይላካል። ኢሜይሉን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ «ሁላችንም» ነበር።

ከዓመታት በፊት ማስታወቂያ የሠራላቸው ሰው ደግሞ የፌስቡክ መከታተያ ኮድ፣ ማለትም ጎብኚው ገጹ ላይ ያደረገውን ለፌስቡክ የሚልክ ኮድ አስገብቶ ሄዷል። ኮዱ ቀጠሮ መጠየቂያው ገጽ ላይ ሳይቀር ይሠራ ነበር። ይህ ቀልድ አይደለም። በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቤተርሄልፕ የተባለውን ትልቅ የኦንላይን ቴራፒ ድርጅት የተጠቃሚዎቹን መረጃ ለማስታወቂያ ለፌስቡክና ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ከስሶ፣ ጉዳዩ በ7.8 ሚሊዮን ዶላር ተዘግቷል። የጤና ሚኒስቴሩ በ2022 ስለ መከታተያ ኮዶች ያወጣው መመሪያ ከፊሉ በ2024 ቴክሳስ ባለ ፍርድ ቤት ስለተሻረ ሕጉ ላይ ክርክር አለ። ግን ቴራፒ የሚፈልግ ሰው ስሙን በሚጽፍበት ገጽ ላይ የፌስቡክ ኮድ እንዲነሳ ፍርድ ቤት መጠበቅ አያስፈልግም።

በመጨረሻ የዶሜይኑ ነገር ተደረሰበት። የማዕከሉ የኢንተርኔት ስም የተመዘገበው በዘመድ ልጅ ስምና በድሮ የኮሌጅ ኢሜይሉ ነው። ልጁ ሌላ ስቴት ገብቷል፤ ኢሜይሉም ተዘግቷል። እድሳቱ ቢያልፍ ኖሮ ማዕከሉ ስሙን ሊያጣ ይችል ነበር።

መጠገን ወይስ እንደገና መሥራት

የጉዳዩ ዋና ውሳኔ እዚህ ነው። የተገኘው ችግር በሦስት ተከፈለ።

አንዱ ውሸት የሆነ መረጃ ነው። የለቀቀችው ቴራፒስት፣ የተቋረጠው ኢንሹራንስ፣ የድሮው የቀውስ ስልክ። ከጁላይ 2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው የሚደወለው አጭር ቁጥር 988 ነው። የድሮው ረጅም ቁጥር አሁንም ያገናኛል፤ ግን በጭንቅ ሰዓት አሥር ዲጂት ማን ይይዛል? ይህን ሁሉ ለማረም አዲስ ዲዛይን አያስፈልግም። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ሁለተኛው አደጋ ነው። መከታተያው ኮድ፣ የፎርሙ ሳጥን፣ የምስክር ወረቀቱ፣ ዶሜይኑ። ይህም ቢሆን አዲስ ዲዛይን አይጠብቅም። ኮዱ ወጣ። «ችግርዎን ይግለጹ» የሚለው ሳጥን ተነስቶ ስም፣ ስልክና መደወያ ሰዓት ብቻ ቀረ። ዶሜይኑ ብዙ ስልክና የማንነት ማረጋገጫ ወረቀት ወሰደ። የባለቤት ስም ሲቀየር ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ መዝጋቢ ድርጅት እንዳይዛወር ለ60 ቀን ይቆለፋል። ስለዚህ ዶሜይኑ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይጀመር ያሰበ ሰው ሥራውን ሁሉ ያቆማል። እኛ ጎን ለጎን አስኬድነው።

እነዚህ ሁለቱ ሲያልቁ ስልኩ ወዲያው ተለወጠ። የተሳሳተ ኢንሹራንስ ይዞ የሚደውል ቀነሰ። መሥራቿም ተገቢውን ጥያቄ ጠየቁ። «ታዲያ ከተስተካከለ አዲስ ለምን እከፍላለሁ?»

መልሱ ሦስተኛው ክፍል ነው። የገጹ አሠራር አንድ ሰው ብቻውን ለሚሠራበት ቢሮ የታሰበ ነው። «ስለ እኔ» የሚል ገጽ አለው፤ አምስት ቴራፒስት የሚቀመጥበት ቦታ ግን የለውም። የቪዲዮ አገልግሎትና የትዳር ምክር የትም አይገቡም። ስልክ ላይ አይሠራም። ጉግል ደግሞ ገጾችን የሚመዝነው በስልክ በሚታዩበት መልክ ነው፤ ወደዚህ አሠራር መሸጋገሩን በ2023 ጨርሷል። የተሠራበት ቴምፕሌት (ዝግጁ ንድፍ)ም ሠሪዎቹ ከተዉት ቆይቷል። በዚህ ላይ እየለጠፉ መቀጠል አዲስ ከመሥራት ይበልጥ ያስወጣል።

የእኔ ሚዛን ይህ ነው። መረጃው ስህተት ከሆነ ዛሬውኑ አርም። መልኩ ብቻ ከሰለቸህ ተወው፤ ደንበኛህ የሚያየው አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። ሥራህ ራሱ ተለውጦ ገጹ ውስጥ ቦታ ካጣ ግን ያኔ እንደገና ይሠራ።

አዲሱ ገጽ

የቅጠሉ ቪዲዮ አልገባም። መሥራቿ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር። በደካማ ኔትወርክ ሲከፈት አሳየኋቸውና ራሳቸው «ይቅር» አሉ።

የመጀመሪያው ገጽ የተጻፈው ከደብተሩ ነው። ማንን እናያለን፣ የት፣ በምን ይከፈላል፣ እንዴት ይጀመራል። ሲቢቲና ኢኤምዲአር የሚባሉት የሕክምና ዓይነቶች ወደ ውስጥ ገቡ። ቴራፒስቶቹ እነዚህ ስሞች ከፊት እንዲሆኑ ፈልገው ነበር፤ ግን በደብተሩ ውስጥ ማንም ስለ ሕክምና ዓይነቶቹ አልጠየቀም።

እያንዳንዱ ቴራፒስት የራሱ ገጽ አገኘ። ምን ዓይነት ጉዳይ እንደሚያይ፣ ምን ቋንቋ እንደሚናገር፣ አዲስ ሰው ይቀበል እንደሆነ፣ የት ፈቃድ እንዳለው። የመጨረሻው ወሳኝ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው በየስቴቱ ነው፤ በቪዲዮም ቢሆን በዋናነት የሚታየው ደንበኛው በዚያ ሰዓት ያለበት ስቴት ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ በመኪና ደቂቃዎች ቢራራቁም በሕግ ሦስት ቦታ ናቸው። አንዷ ቴራፒስት ፎቶዋ እንዲወጣ አልፈለገችም። ልክ ነች፤ ማኅበረሰቡ ትንሽ ነው። ያለ ፎቶ ወጣች፤ የሷ ቀጠሮ ግን አልቀነሰም።

የክፍያ ገጽ ተጨመረ። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢንሹራንስ ለሌለው ወይም ከኪሱ ለሚከፍል ሰው የወጪ ግምት አስቀድሞ በጽሑፍ መስጠት ግዴታ ሆኗል። ይህ መብት እንዳለም በዌብሳይት ላይ መገለጽ አለበት። ማዕከሉ ግምቱን ይሰጥ ነበር፤ ገጹ ላይ ግን አልነበረም።

ብዙ የተደከመበት «ማን ያየኛል?» የሚለው ገጽ ነው። ቴራፒስቱን በሌላ ቦታ የምታውቀው ከሆነ ምን እንደሚደረግ፣ ሌላ ባለሙያ መምረጥ እንደሚቻል፣ መንገድ ላይ ብንገናኝ ቀድመን ሰላም እንደማንል፣ በቪዲዮ ከሆነ መጠበቂያ ክፍል እንደሌለ ተጻፈ። ፀበል የሚሄድ ወይም ዱዓ የሚያስደርግ ሰው ያንን ትቶ እንዲመጣ እንደማይጠየቅም ተጻፈ። በአማርኛው ክፍል ከሁሉ የበለጠ የሚከፈተው ገጽ ይህ ሆነ።

ያልሠራው

አማርኛው መጀመሪያ ከእንግሊዝኛው ተተረጎመ። ሰዋስውው ልክ ነበር፤ ግን የኢንሹራንስ ውል ይመስል ነበር። የሙከራ አንባቢዎች ሁለት መስመር አንብበው ስልክ ቁጥር ፈለጉ። ተጣለና አዲስ ተጻፈ። አማርኛ ተናጋሪዋ ቴራፒስት ለአዲስ ደዋይ በስልክ የምታስረዳውን እንዳለች ተናገረች፤ ያ ተቀድቶ ተስተካከለ። ያኔ ሰው ማንበብ ጀመረ።

ገጹን የሠራው ድርጅት የድሮ ገጾችን አድራሻ ወደ አዲሶቹ አላዞረም። ውሉ ላይ አልተጻፈምና አይገደድም። ግን የአንድ ትምህርት ቤት አማካሪ ለወላጆች የምትሰጠው ወረቀትና የባለሙያዎች ማውጫ ገጾች በድሮው አድራሻ ነበሩ። ሁሉም «ገጹ አልተገኘም» የሚል ቦታ አደረሱ። የጎብኚ ቁጥር ወረደ፤ መሥራቿም «አዲሱ ነው ያበላሸው» አሉ። ማዞሪያዎቹ ከተጨመሩ በኋላ ቀስ እያለ ተመለሰ። እንደዚህ ያለ ሥራ የሚያስጀምር ሰው ይህን ነጥብ ውሉ ላይ ያስጽፍ።

ከጥጉ ብቅ የሚለው የቻት ሳጥንም ተሞክሮ ተነሳ። ለጫማ መደብር ጥሩ ነገር ነው። እዚህ ግን በእኩለ ሌሊት «መኖር ሰለቸኝ» የሚል መልእክት ሊገባበት ይችላል፤ የሚያነበው ደግሞ ጠዋት ቢሮ የሚገባ ሰው ነው። ሌት ተቀን የሚመልስ ሰው ከሌለ ሳጥኑ ባይኖር ይሻላል። በቦታው 988 እና የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 በጉልህ ተቀመጡ።

መሥራቿ የደንበኞች ምስክርነት እንዲገባም ፈልገው ነበር። የሙያው ሥነ ምግባር ሕግ በሕክምና ላይ ካለ ደንበኛ ምስክርነት መጠየቅን ይከለክላል። ጉግል ላይ ለሚጻፍ አስተያየት መልስ መስጠትም አደጋ አለው። በ2023 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ የሥነ አእምሮ ማዕከል ለአስተያየት በሰጠው መልስ ውስጥ የታካሚ መረጃ ገልጦ በ30,000 ዶላር ጉዳዩን ጨርሷል። ይህ ሐሳብ ቀረ። «ወርኃዊ ጽሑፍ» የሚባለውም ጥቂት ከወጣ በኋላ ጸሐፊ አጣ፤ የቆየ ቀን ይዞ ከሚታይ ተብሎ ተነሳ።

አሁን ያለው ሁኔታ

የስልኩ ብዛት አልጨመረም። እንዲያውም ትንሽ ቀንሷል። ግን የሚደውለው ሰው ኢንሹራንሱን አውቆ፣ ቴራፒስቱን መርጦ ነው። በአማርኛ የሚደውሉ በዝተዋል። ወጣቶቹ ማታ ማታ በታካሚዎች ፖርታል ቀጠሮ ይይዛሉ፤ ፖርታሉን የሚሰጠው ድርጅት የጤና መረጃ ሕጉ፣ ሂፓ የሚባለው፣ የሚጠይቀውን ውል ፈርሟል።

አዲስ ችግርም መጣ። ከሥራ በኋላ ያሉ ሰዓቶች ቶሎ ይሞላሉ፤ ገጹ ደግሞ ክፍት እንደሆኑ ይናገራል። ስለዚህ «አዲስ ሰው ይቀበላል» የሚለውን ምልክት ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ሰኞ ሰኞ ታስተካክላለች። ማረሚያውን ለእሷ መስጠት ከዲዛይኑ ሁሉ የሚበልጥ ውሳኔ ይመስለኛል። በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ ገጽ ይጨመር የሚል ጥያቄም መጥቷል። መሥራቿ ቋንቋውን የሚናገር ቴራፒስት እስኪቀጠር ድረስ አይሆንም ብለዋል።

ለሌሎች የሚያገለግለው

ማንኛውም ማዕከል ሠሪ ከመጥራቱ በፊት ደብተሩን ሊጀምር ይችላል፤ ወጪ የለውም። ተደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ገጹ ላይ መልስ ካለውና ሰው ካላየው፣ ችግሩ አቀማመጡ ነው። መልሱ ስህተት ከሆነ ችግሩ ጥገና ነው። መልሱ የሚቀመጥበት ቦታ ከጠፋ ግን እንደገና መሥራት ነው። ዲዛይነር ብቻውን ይህን አይለይም፤ ስልክ የሚያነሳ ሰው ግን ይለየዋል።

አዲስ አበባ ያሉ ብዙ ባለሙያዎች ዌብሳይት የላቸውም፤ የሚሠሩት በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው። ደብተሩ እዚያም ይሠራል። የፎርሙ ጉዳይ ደግሞ እዚያ ይብሳል፤ ሰው ችግሩን በረጅሙ የሚጽፈው ለአንድ የቴሌግራም አካውንት ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለዚህ መልእክቱን ማን እንደሚያነብ፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ስልኩን የያዘው ሰው ሥራ ሲለቅ አካውንቱ በማን እጅ እንደሚቀር ከአሁኑ በጽሑፍ መወሰን ያስፈልጋል።